የመቀነቱ ጫፍ

ሰው ቤት ስገባ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ዐይኔ የሚንጠለጠል ነገር ይፈልጋል። ከቡታጋዝ አጠገብ የወረደ መጋረጃ፣ ሰው በሚረማመድበት ላይ የተጎተተ የካውያ ገመድ፣ ድስት ልታወርድ የተጣደፈች ሴት የለቀቀችው የነጠላ ጫፍ። ልጆቼ «እማዬ ምርመራዋን ጀመረች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ይህን ዐይን ያገኘሁት በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ ውስጥ በነበረ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ያለፈውን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ስለማፍርበት ነው።

ፋብሪካው ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ጠዋት ስንገባ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎብጠው በበሩ ፊት ያልፋሉ፤ እኛ ጣሪያ ስር ስለምንውል የታደልን ይመስለን ነበር። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የጥጥ ብናኝ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል፣ ጆሮ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ማታ ቤት ሲገቡ እንኳ አይከፈትም፣ ወለሉ ዘይት ነው። ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገረው በእጅና በቅንድብ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በክር መጋዘን ጸሐፊነት ነበር የተቀጠርኩት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዓመቱ የሠራተኛ ስብሰባ ተጠራና «የሥራ ላይ ጥንቃቄ ተጠሪ» ይመረጥ ተባለ። ማንም እጁን አላወጣም። ሥራው ሹመት አይደለም፣ ጠላት ግን ያፈራል። በመጨረሻ ሰብሳቢው «ያቺ የምትጽፈው ልጅ ትሁን» አለና ተጨበጨበ። አንድ ደብተርና አንድ ቀይ እርሳስ ተሰጠኝ። እየዞርኩ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ካየሁ እመዘግባለሁ፣ ለክፍሉ ኃላፊ እናገራለሁ፤ አደጋው የቀረበ ከሆነ ደግሞ ፈርሜ ማሽን ማስቆም እችላለሁ። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳልመረጡኝ አውቃለሁ፤ ሥራው ግን ወደደኝ፣ እኔም ወደድኩት። ስድስት ወር ሳይሞላኝ የለየለት ነገረኛ ሆንኩ። እጅጌሽን ሰብስቢ፣ ሻሽሽን እሰሪ፣ ዘይቱ ላይ አሸዋ አፍስስ፣ ያንን ሽቦ አንሳ። ነጠላ ለብሳ ወደ ማሽን የቀረበችን ሴት ሁሉ ከበሩ እመልስ ነበር። ሰዉ ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ደግሞ ባጠቆረ ቁጥር ይበልጥ እጀነን ነበር።

ማየት ያስተማሩኝ የፋብሪካው መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ጋር ስለሠሩ የማሽኑን ቀበቶ ቺንጋ፣ ተሽከርካሪውን በርሜል ሩሎ ይሉታል፤ እኛም ከእሳቸው ለምደን እንደዚያው እንል ነበር። የመጀመሪያ ቀን ደብተሬን ይዤ ማሽን ፊት እንደ ተማሪ ቆሜ አገኙኝ።

«ማሽኑ ላይ ምን አፈጠጥሽ?» አሉኝ ጆሮዬ ስር ጮክ ብለው። «እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ሰዎቹን እያቸው። ማን ነው እንቅልፍ ያጣው? የማን እጅጌ ነው የሰፋው? ከቤቱ ተጣልቶ የመጣ ማን ነው? ከዚያ በኋላ ማሽኑን ታዪዋለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። ሐሳብ የያዘው ሰው እግሩን ይጎትታል፤ እግሩን የሚጎትት ሰው ዘይት ላይ ይንሸራተታል። የላላ ቺንጋ ሲሮጥ እንደሚጨበጨብ፣ የደከመ ሠራተኛ በፈረቃው መጨረሻ ላይ ማሽኑን እንደሚደገፍ፣ ይህን ሁሉ ከእሳቸው ተማርኩ። ዐይኔ ምንም አያልፈውም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም።

ከማሽኖቹ ሁሉ ክፉው ጥጥ የሚያበጥረው ነበር። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ የለበሰ ትልቅ ሩሎ ይዞራል። በጎኑ በኩል ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣለት ሰፊ ቺንጋ በሁለት መዘውር ላይ ያለ እረፍት ይሮጣል። ሰው እንዳይነካው በቆርቆሮ መከለያ ይሸፈን ነበር። የምርት ዘመቻ ሲታወጅ ግን መከለያው ወለቀ። አዲስ ቺንጋ ከውጭ መምጣት ስላቆመ አሮጌውን በሽቦ እየሰፉ ነበር የሚሠሩበት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበጠሳል። በተበጠሰ ቁጥር የመከለያውን ስምንት ብሎን መፍታትና መልሶ ማሰር ሥራ ያጓትታል ተባለ። ጋሼ አውልቀው ግድግዳ ሥር አቆሙት። ሲያወልቁ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ለክፍሉ ኃላፊም ነገርኩት። «ዘመቻው ይለቅና ይመለሳል» አለኝ። ማሽኑን በፊርማዬ ላስቁመው ብል ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ጊዜ ምርት ያስቆመ ሰው አሻጥረኛ ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። በእኔ ላይ ሌላም ነገር ነበረብኝ። ቤተሰቤ ጴንጤ የሚባለው ነው። ጸሎት ቤታችን ታሽጓል፣ አባቴ ታስሮ ከተፈታ ወራት አልሞላውም። ስሜ የትም ወረቀት ላይ ባይነሳ እመርጥ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ።

በዚያ ማሽን ላይ የሚሠሩት እትዬ ነበሩ። ስማቸውን ትቼ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ያኔም ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንላቸው። ከእኔ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ተጫዋች ሴት ነበሩ። እኔ ከበሩ ብቅ ስል «ዐይናማዋ መጣች፣ ሻሻችሁን አጥብቁ» ብለው ያስጠነቅቁብኛል፤ እኔ ስደርስ ደግሞ የራሳቸውን ሻሽ በአንድ ጣት ያዘነብሉና እስክቆጣ ይጠብቃሉ። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ሴት ልጅ ብቻ ያላቸው ነበሩ። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አንዳንድ ቀን ምሳቸውን በር ድረስ ታመጣላቸዋለች፤ አይቻታለሁ፤ ቁመቷ እንደ እናቷ ነው።

ቀይ ሽብር የተባለው ጊዜ መጣ። አንድ ሳምንት እትዬ ሦስት ቀን ከሥራ ቀሩ። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ ጆሮ በሹክሹክታ ዞረ። ልጅቷን ከቤት ወስደዋት በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኝታለች። ድንኳን እንዳይተከል፣ እንዳይለቀስ፣ ጥቁር እንዳይለበስ ለእናትየው ተነግሯቸዋል። ጎረቤት አንድ በአንድ ወንፊት ለመዋስ፣ እሳት ለመጫር እያስመሰለ ገብቶ ትንሽ ተቀምጦ ወጥቷል።

ፋብሪካ ውስጥ ያን ያህል እንኳ ያደረገ አልነበረም። መካከላችን ጆሮ ጠቢ እንዳለ እናውቃለን፤ ማን እንደሆነ ስለማናውቅ ሁሉም ሰው እሱ ነበር። እትዬ ሲያልፉ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔም ሌሎቹ ያዩትን ቦታ አየሁ። «እግዜር ያጥናዎት» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጠዋት ስዞር ከእትዬ ጋዋን ስር በግራ ጎናቸው አንድ ጥቁር ጨርቅ ብቅ ብሎ አየሁ። ጣት የሚያህል ነው። የጋዋኑ አንድ ቁልፍ ተነቅሏል፤ በዚያ ክፍተት ወጥቷል። ቀለሙ ወጥ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ እንደነገሩ የተነከረ ነው። ወዲያው ገባኝ። ከጋዋኑ ስር ጥቁር መቀነት ታጥቀዋል። ከል የተከለከሉት እናት ከላቸውን ከሥራ ልብሳቸው ስር ለብሰው ይውላሉ። የመቀነቱም ጫፍ ከሚሮጠው ቺንጋ አንድ ስንዝር ላይ ተንጠልጥሏል።

ሁለት ፍርሃት በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ማሽኑ ይይዛቸዋል የሚለው አንዱ ነው። ሌላው ሰው ያያቸዋል የሚለው ነበር። የትኛው እንደበለጠብኝ ዛሬ ብጠየቅ ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ያደረግሁት ነገር ለሁለተኛው ብቻ የሚሆን ነበር። እንደሚያልፍ ሰው ተጠጋሁና በእጄ ጫፉን ወደ ውስጥ ከተትኩት። እትዬ ዘወር ብለው አዩኝ። ዐይኔን አሸሸሁ። «ቁልፍዎ ተነቅሏል» ብያቸው ሄድኩ።

በማግስቱ መርፌና ክር ይዤ መጣሁ። ልብስ በምንቀይርበት ክፍል እንዲቀመጡ አደረግሁና ጋዋናቸውን እንደለበሱ ቁልፉን ሰፋሁላቸው። ፊቴ ከደረታቸው አጠገብ ነበር፤ ትንፋሻቸው ፀጉሬን ይነካው ነበር። ትኩር ብለው ያዩኛል፤ የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኔ ስለ ጥጡ አወራሁ። የዘንድሮው ጥጥ ቆሻሻ እንደበዛው፣ ሩሎውን ቶሎ ቶሎ እንደሚዘጋው። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ስነሳ «ተባረኪ» አሉኝ። በዘዴ የገላገልኳቸው መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጫፉ ግን ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ከታች በኩል ከጋዋኑ ጠርዝ ስር ወጣ። አለፍ ብዬ ከተትኩት። ሌላ ቀን በጀርባቸው በኩል ወጣ። ከሩቅ ሳየው ደሜ ይፈላል። እኔ ወደ እሳቸው ስሄድ ይታየኛል፤ አልፌ ዞር ብዬ ሳይ ደግሞ አንዳንዴ የለም፤ አስተውለው የከተቱት ይመስለኛል፤ ግን በነጋታው ያው ነው። ይህቺ ሴትዮ ራሷን ልታስጨርስ ነው ወይ እያልኩ በልቤ እሳደብ ነበር። ኀዘኑ አደንዝዟቸው የሚያደርጉትን አያውቁም ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ ያስተማሩኝም ይህንኑ አልነበር? ሐሳብ የያዘው ሰው ልብሱን አያውቅም።

በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ይዘመራል እንጂ ከል አይለበስም። አባቴ ጥቁር ልብስ ለሟች ምን ይረባል ይል ነበር። ስለዚህ ያ ጨርቅ ለእኔ የተደበቀ ማስታወሻ ነበር፤ ሴት ጡቷ ስር እንደምትይዘው ፎቶግራፍ። የሚደበቅ ነገር ሲወጣ መልሶ መደበቅ ነው ያለብኝ ብዬ አሰብኩ።

በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ለሁሉም የሚሆን ማስጠንቀቂያ አነበብኩ። የተንጠለጠለ ነገር፣ የላላ ልብስ፣ ያልተቆለፈ ጋዋን። ስናገር ወደ እትዬ እንዳላይ ተጠነቀቅሁ። ከዚያ ጋሼን ወርክሾፓቸው ድረስ ሄጄ አማከርኳቸው። ስለ መቀነቱ ስነግራቸው ቀድመው አይተውት ኖሯል።

«እኔ ወንድ ነኝ፣ ስለ ሴት መቀነት ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?» አሉ። «አንቺ ግን ሴት ነሽ። አጠገባቸው ቁጭ በይና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ይሄንንም ላስተምርሽ? ልጃቸው ሞታለች እኮ። በዚያ ጀምሪ።»

«ሰው ቢሰማኝስ ጋሼ?»

መፍቻቸውን አስቀመጡ። «እሺ፣ እሱ ከከበደሽ መከለያውን ልመልሰው። ስምንት ብሎን ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን ማሽኑ መቆም አለበት። ያንን የማስቆሚያ ወረቀትሽን ፈርመሽ ስጪኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዘመቻው ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። «ስድስት ቀን እንታገሥ» አልኳቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን ነው። ከሻይ እረፍት ስመለስ ውጭ ይዘንባል፣ ጣሪያው በዝናብ ይደበደባል፣ ውስጡም እንደ ወትሮው ይጮኻል። ገና ከበሩ እንደገባሁ እትዬን በማሽኑ አጠገብ አየኋቸው፤ መቀነቱንም አየሁት። ከሌላው ቀን ረዝሞ ነበር፤ አንድ ክንድ ይሆናል። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ግን ከኋላዬ የሠራተኛው ኮሚቴ ሰብሳቢ ከአንድ እንግዳ ጋር እየመጣ ነበር። አሁን ሄጄ ብከተው ሰዎቹ ያያሉ ብዬ አሰብኩ። ቆምኩ። ደብተሬን ገለጥኩና የሚጻፍ ነገር ያገኘሁ መሰልኩ። እነሱ ይለፉ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።

ቀና ስል ጫፉ የለም። ቺንጋው ወስዶታል። እትዬ በጎናቸው ወደ ማሽኑ ተሳቡ። መቀነቱ ከወገባቸው ተፈትቶ እየወጣ ነበር፤ ቢለቁት ኖሮ ጨርቁን ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ጋሼ ኋላ ደጋግመው ነግረውኛል። እትዬ ግን አልለቀቁትም። በቀኝ እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። ቺንጋው እጃቸውን እስከ መዘውሩ ይዞት ሄደ።

ማጥፊያውን ማን እንደመታው አላስታውስም፤ አንቺ ነሽ ይሉኛል። የማስታውሰው ዝምታውን ነው። ማሽኑ ሲቆም የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እትዬ አልጮኹም። ጋሼ ሮጠው መጥተው መዘውሩን በእጃቸው ወደ ኋላ መለሱት። ሰዎች እትዬን ደግፈው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷቸው። ሰብሳቢው እየተጣራ ወደ ስልኩ ሲሮጥ እኔ በመዘውሩ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ጎትቼ አወጣሁና ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። እርጥብ ነበር። እንደዚያው ይዤው ቦይለር ክፍል ሄድኩና እሳቱ ውስጥ ጣልኩት። ጨርቁ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።

የአደጋ ሪፖርት የመጻፍ ሥራ የእኔ ነው። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «ምንድነው የያዛቸው?» አለኝ።

«የማሽን መጥረጊያ ጨርቅ» አልኩ። በቅጡ ሳላስብ ነው የወጣኝ።

«ማሽኑ እየዞረ ነበር የሚጠርጉት?»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። አዎ ካልኩ ጥፋቱ የእሳቸው ይሆናል። አይደለም ካልኩ ደግሞ ምን ጨርቅ ነበር ይባላል። «አዎ» አልኩ። «የሠራተኛዋ ቸልተኝነት» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ስለ መከለያውስ? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጻፍኩም። እትዬን ለማዳን ዋሸሁ ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር፤ መከለያውን የተውኩት ግን ለራሴ ስል ነው። በማግስቱ መከለያው በስምንቱም ብሎን ታስሮ ቦታው ላይ ነበር። ያሰሩት ጋሼ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ ሰላም ይሉኝ ነበር እንጂ ምንም አላስተማሩኝም።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከቀኝ እጃቸው አራቱ ጣቶች ተቆርጠዋል፤ አውራ ጣቱ ብቻ ተርፏል። አጠገባቸው ሌላ በሽተኛ ስለነበር በሹክሹክታ አወራን።

«ጨርቁስ?» አሉኝ።

«አቃጠልኩት እትዬ። እንዳያዩብዎት ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «የልጄ ነጠላ ነበር። ቀድጄ ነው ያጠቆርኩት።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያመጣሁትን ብርቱካን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ስብሰባ ተጠራ። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ሪፖርቱ እንዲነበብ ተወሰነ፤ አንባቢዋም እኔ ነኝ። እትዬ የፊት ወንበር ላይ ነጭ ሻሽ አስረው ተቀምጠዋል። «የሠራተኛዋ ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ውሃ ጠጣሁ። ሰብሳቢው እትዬን «የሚሉት ነገር አለ?» አላቸው። ተነሱ። «ትክክል ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ እስካሁን አይገባኝም።

ከዚያ በኋላ በግራ እጅ ቁርጥራጭ ወደሚለቀምበት ክፍል ተዛወሩ። ቀልዳቸው ጠፋ። እኔም ሁለት ዓመት እንኳ ሳልቆይ ሌላ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስል ታክሲ አቀያይር ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ያላለቀሰላቸውን ሙታን ማልቀስ ጀመረ። በየሰፈሩ ከዓመታት በፊት ለሞቱ ልጆች ድንኳን ተተከለ። እትዬም መትከላቸውን ከድሮ የሥራ ባልደረባ ሰማሁ። ወደ ሸጎሌ መውጫ ያለ ጠባብ ግቢ ነበር። ስገባ በአግዳሚው ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የልጅቷ ፎቶግራፍ አለ። አረጁ፤ ቁመታቸው ግን ያው ነው። እንደ ሁሉ ሰው ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። አወቁኝ። ሰው ሳሳ ሲል በእጃቸው ጠቅሰው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አይተሽው ነበር አይደል?» አሉኝ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። «አይቼው ነበር እትዬ። ስንት ቀን አየሁት። ልነግርዎት ፈራሁ። መውጣቱን ሳያውቁት ነው እያልኩ እከተው ነበር።»

«ሳላውቀው?» አሉ፤ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። «የኔ ልጅ፣ የማወጣው እኮ እኔ ነኝ።»

ዐይኔ ወደ ልጅቷ ፎቶግራፍ ሄደ።

«ኀዘን ሰው ካላየው አይወጣም» አሉ። «ጎረቤት ወንፊት ተውሶ ሄደ። እዚያ ደግሞ ሁሉም መሬት ያያል። ብቻዬን ላብድ ደርሼ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አይቶ እግዜር ያጥናሽ ቢለኝ ብዬ ነው። ለሁሉም አላሳይም፤ እፈራለሁ። ላንቺ ብቻ ነበር። አንቺን ምንም አያልፍሽም። ስትመጪ አወጣዋለሁ፣ ስታልፊ እመልሰዋለሁ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ መልሰሽ ትከቺዋለሽ።»

«ያን ቀንስ?» አልኩ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀንም ከበሩ ስትገቢ አይቼሽ ነበር። ዛሬስ ታየኛለች ብዬ አስረዘምኩት። አንቺ ግን ቆምሽ፤ ደብተርሽን ታነቢ ነበር።»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንደገና «እግዜር ያጥናዎት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ላስተዛዝን የመጣሁት ሴትዮ ሰው ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እትዬ ራሴን ወደ ትከሻቸው ሳቡኝና በዚያች በቀረችው አውራ ጣት እንባዬን ጠረጉልኝ።